ቢራ ሳልቀምስ የወደድኩት መጠጥ ቤት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ወደ ሰሜን እንግሊዝ የመጣሁት በ1984 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፌን ይወቁልኝ)። ጆሮዬ የአገሩን እንግሊዝኛ የለመደው በትምህርት ቤት ሳይሆን፣ ያን ጊዜ በሳምንት ሁለት ምሽት ይታይ በነበረው «ኮሮኔሽን ስትሪት» በተባለው ተከታታይ ድራማ ነው። ከድራማው ልቤን የወሰደው ግን ከተዋናዮቹ አንዱ ሳይሆን «ሮቨርስ ሪተርን» የተባለው የሰፈሩ መጠጥ ቤት ነው። በሃይማኖቴ ምክንያት የአልኮል መጠጥ ቀምሼ አላውቅም፤ እውነተኛ መጠጥ ቤትም ደጃፉን ረግጬ አላውቅም። እንዲያም ሆኖ በ1986 ያ ቤት በድራማው ውስጥ ሲቃጠል የጎረቤቴ ቤት የተቃጠለ ያህል አለቀስኩ፤ ታድሶ ሲከፈትም በጎን በኩል የነበረችው ትንሿ ክፍል በመጥፋቷ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል። ባለቤቴ «በጣውላና በቀለም ለተሠራ ቤት እንባ ታፈሻለሽ» እያለ ይስቅብኛል። የምጠይቅዎ ሦስት ነገር ነው። የማልጠጣ ሴት መጠጥ ቤትን እንዲህ መውደዴ ከምን የመጣ ነው? ትንሿ ክፍል መፍረሷ ተገቢ ነበር? ቤቱስ በእውን አለ? አንድ ቀን ገብቼ ላየው እችል ይሆን?

መልስ፦ ከባለቤትዎ ቀልድ ልነሣ። ቤቱ የአናጺና የቀለም ቀቢ ሥራ ነው ማለታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ የአናጺ ሥራ ከብዙ ባለጡብ መጠጥ ቤቶች የበለጠ ዕድሜ ኖሯል። ድራማው በግራናዳ ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዲሴምበር 9 ቀን 1960 ሲሆን፣ የፈጠረው ቶኒ ዋረን በዚያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ታሪኩ የሚፈጸምባት ዌዘርፊልድ ከማንቸስተር አጠገብ ያለችውን የሳልፎርድን መልክ የያዘች የፈጠራ ከተማ ናት። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ እስካሁን የዘለቀ ገጸ ባሕርይ ኬን ባርሎ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሞቷል፣ ተሰድዷል ወይም በኋላ የመጣ ነው። መጠጥ ቤቱ ግን በመንገዱ ጥግ ላይ እንደ ቆመ ነው። ሰው ለረጅም ዘመን ያየውን ቤት መውደዱ ሊያስገርም አይገባም።

ይሁን እንጂ ዕድሜ ብቻውን ፍቅር አያመጣም። የሰፈሩ ሱቅም እኩል ዕድሜ አለው፤ ለሱቁ ያለቀሰ ተመልካች ግን ደብዳቤ ጽፎልኝ አያውቅም። ልዩነቱ ያለው ድራማ ጸሐፊው ዘወትር በሚገጥመው አንድ ችግር ላይ ነው። ጡረተኛውን፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋን፣ ባለሱቁንና ጎረምሳውን በየሳምንቱ ያለ አንዳች ሰበብ ማገናኘት አለበት። ሰው ሰው ቤት ለመሄድ ግብዣ ወይም ጉዳይ ያስፈልገዋል፤ ሱቅ የገባም ዕቃውን ገዝቶ ይወጣል። መጠጥ ቤት ግን በሩ አይንኳኳም፣ የመጣም ለምን መጣህ አይባልም። «ፐብ» የሚለው ቃል ራሱ «የሕዝብ ቤት» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ያጠረ ነው። በዚያ ላይ በእንግሊዝ መጠጥ ቤት አስተናጋጅ ወደ ጠረጴዛ መጥቶ የመታዘዝ ልማድ የለውም፤ ጠጪው ራሱ ተነሥቶ ወደ ባንኮኒው ይሄዳል። ትናንት የተጣሉ ሁለት ጎረቤቶች ዛሬ በዚያ ባንኮኒ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተራቸውን መጠበቅ ግድ ይሆንባቸዋል። ለጸሐፊ ከዚህ የተሻለ የቤት ዕቃ አልተሠራም።

እርስዎን ደግሞ ከዚህ ቤት ጋር ያስተሳሰረ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የግድግዳው ቁጥር ነው። የስቱዲዮ ክፍል ብዙውን ጊዜ ሦስት ግድግዳ ብቻ ኖሮት ይሠራል፤ አራተኛው ወገን ካሜራዎቹ እንዲቆሙበት ክፍት ይተዋል። ስለዚህ ባንኮኒውን፣ ጠረጴዛዎቹንና በሩን ከአርባ ዓመት በላይ ያዩት ከአንድ ወገን ነው፤ በሌላ አነጋገር የራስዎ የሆነ ቋሚ መቀመጫ ነበርዎት። መጠጥ ቤት ገብቼ አላውቅም ይላሉ እንጂ፣ በእኔ ግምት እርስዎ ምንም ሳያዙ ረጅም ሰዓት በመቀመጥ የቤቱ ዋነኛ ደንበኛ ነዎት። የሚወዱትም መጠጡን አይደለም። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሲገባ ማን ዝም እንደሚል ማወቅዎን ነው።

ከባንኮኒው ጀርባ የቆሙት ሰዎችም ለዚህ ፍቅር ድርሻ አላቸው። ዶሪስ ስፒድ እስከ 1983 ድረስ የተጫወተቻት አኒ ዎከር ራሷን ከሰፈሩ ሁሉ ከፍ አድርጋ የምታይ እመቤት ነበረች፤ ቢራ ስትቀዳ እንኳ ለባላባት ሻይ የምታቀርብ ትመስል ነበር። የሚገርመው ግን ቤቱ የእርሷ አልነበረም። ንብረትነቱ የኒውተን ኤንድ ሪድሊ የተባለ የድራማው ቢራ ፋብሪካ ሲሆን፣ እርሷና ባሏ ጃክ የፋብሪካውን ቢራ የሚሸጡ ተከራዮች ነበሩ። ይህ አሠራር በእንግሊዝ የተለመደ ነው። ጁሊ ጉድይር የተጫወተቻት፣ የነብር ቆዳ የሚመስል ልብስና ትልልቅ የጆሮ ጌጥ የምታዘወትረው፣ «ቤት» (Bet) ሊንች የተባለችው ሴትም ከአስተናጋጅነት ተነሥታ በ1985 የቤቱ ኃላፊ ሆናለች፤ በ1995 ፋብሪካው ቤቱን ለሽያጭ ሲያቀርብ ግን መግዣ ገንዘብ አጥታ ሰፈሩን ለቅቃ ሄደች። በእኔ አስተያየት ከቃጠሎው ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ ቤቱን በፊቷ ብርሃን ያደመቀች ሴት ለጡቡ የሚከፈል ዋጋ አልነበራትም። ቤቲ ድራይቨርን ደግሞ መርሳት አይቻልም። ከ1969 ጀምሮ እስካረፈችበት እስከ 2011 ድረስ ቤቲ ሆና ስትጫወት፣ የበግ ሥጋና ሽንኩርት ከላይ በተከተፈ ድንች ተሸፍኖ በምድጃ የሚበስለውን ሆትፖት የተባለ ወጥ ለዌዘርፊልድ ሰዎች ስታቀርብ ኖራለች።

አሁን ወደ ትንሿ ክፍል እንምጣ፤ የደብዳቤዎ ልብ ያለው እዚህ ይመስለኛልና። የጥንቱ ሮቨርስ በሦስት የተከፈለ ነበር። ዋናው ክፍል ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ሁለተኛው ከበሬታ ላላቸው እንግዶች የተለየ ነበር፤ ሦስተኛው «ስነግ» የሚባለው የተከለለ ጠባብ ክፍል ነው። በቀድሞው ዘመን በወንዶች መካከል ቆመው መታየት የማይፈልጉ ሴቶች የሚቀመጡት በስነግ ነበር። በ1960ዎቹ በሮቨርስ ስነግ ይቀመጡ የነበሩት ኢና ሻርፕልስ፣ ሚኒ ኮልድዌልና ማርታ ሎንግኸርስት የተባሉ ሦስት አሮጊቶች ናቸው። ኢና በጸጉሯ ላይ መረብ የምታስር፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ኃጢአት በቃሏ የምታውቅ ኃይለኛ ሴት ስትሆን፣ ሥራዋ የስብከት አዳራሽ ጠባቂነት ነበር። በሃይማኖትዎ ምክንያት መጠጥ ቤትን መውደድዎ ያሳፍርዎት እንደ ሆነ፣ የአዳራሹ ጠባቂ ራሷ ጣፋጭ ጥቁር ቢራዋን ይዛ እዚያ ትቀመጥ እንደ ነበር ያስታውሱ።

የዚያች ክፍል ትርጉም ከሁሉ ይልቅ የታየው በ1964 ነው። በዋናው ክፍል ድግስ ነበር፤ ሰዉ ይዘፍናል። ማርታ ድካም ተሰምቷት ብቻዋን ወደ ስነግ ገባችና ከጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ በልብ ሕመም ሞተች፤ ከአጠገቧ የሚዘፍኑት ሰዎች ወዲያው አላወቁም። ይህ ትዕይንት በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሊጻፍ አይችልም። የሚዘፍኑትና የምትሞተው እንዲቀራረቡም እንዲለያዩም የሚያደርግ ክልል ያስፈልገዋል።

በጁን 1986 በኤሌክትሪክ ችግር በተነሣው እሳት ቤቱ ተቃጠለ፤ ፎቅ ላይ ተኝታ የነበረችው ሊንችም ከእሳቱ በነፍስ ተረፈች። ቤቱ ሲታደስ ሦስቱ ክፍሎች ተጣምረው አንድ ሆኑ። ለአዘጋጆቹ ፍትሕ ልስጥ፦ ካሜራ በሰፊ ክፍል ውስጥ እንደ ልብ ይንቀሳቀሳል፤ በአንድ ጊዜም ብዙ ሰው ማሳየት ይቻላል። ደግሞም በዚያ ዘመን በመላው እንግሊዝ የእውነተኞቹ መጠጥ ቤቶች ባለቤቶች መከለያዎቹን እያፈረሱ ክፍሎቹን አንድ ያደርጉ ስለ ነበር፣ ድራማው የአገሩን ለውጥ በታማኝነት ተከትሏል። ሴቶችም በዋናው ባንኮኒ ቆመው ለማዘዝ የማንንም ፊት የማያዩበት ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ስነግን ለሚናፍቅ ሰው ይህን ማስታወስ አይከፋም። እንዲህም ሆኖ እኔ ከእርስዎ ወገን ነኝ። ክፍሎቹ ከተጣመሩ በኋላ ምስጢር ማውራት የፈለገ ገጸ ባሕርይ ወደ ባለቤቶቹ የጓሮ ሳሎን ወይም ወደ ጓሮው መውጣት ግድ ሆኖበታል፤ ማለትም ምስጢሩ ከሕዝብ ቤት ወጥቶ ወደ ግል ቤት ገብቷል። ስነግ ከሁለቱ መካከል ነበረች። እንደ እርስዎ ዝም ብሎ ዳር ተቀምጦ ማየት ለሚወድ ሰው ከእርሷ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

ሦስተኛው ጥያቄዎ አጭር መልስ አለው። ሮቨርስ ሪተርን የሚባል ጥንታዊ ቤት በማንቸስተር ከተማ መሐል በእርግጥ ነበር፤ ነገር ግን ድራማው ከመጀመሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ፈርሷል። የስሙ ትርጉም «የተንከራተቱት መመለሻ» ለማለት የቀረበ መሆኑን ከአገርዎ ርቀው የሚኖሩት እርስዎ ሳያስተውሉት አይቀሩም። የድራማው ቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በስቱዲዮ ውስጥ ነበር፤ የመንገዱ ድንጋይ እንኳ በወለል ላይ የተቀባ ቀለም ነበር። በ1982 በጡብ የተሠራውን የውጭ መንገድ ንግሥት ኤልሳቤጥ ራሳቸው መርቀው ከፍተውታል። ከ2014 መጀመሪያ ወዲህ ቀረጻው የሚካሄደው በትራፎርድ ዋርፍ፣ ሚዲያ ሲቲ ከተባለው የቴሌቪዥን ስቱዲዮዎች መንደር በመርከብ ቦይ ማዶ ባለው አዲስ ስፍራ ሲሆን፣ ለጎብኚዎችም ክፍት የሚሆንባቸው ቀናት አሉ። ከመሄድዎ በፊት ቀኑን ያጣሩ፤ ባለቤትዎንም ይዘው ይሂዱ።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድመው ይወቁ። በመንገዱ ጥግ ላይ የሚያዩት በርና መስኮት የፊት ገጽታ ብቻ ነው፤ ባንኮኒው ያለው ከእርሱ ተለይቶ በስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ስፋቱም ከውጭ ከሚታየው ቤት ጋር ከቶ አይገጥምም። ነገሩን በቁም ነገር የሚለኩ ወዳጆች ለዓመታት ሲስቁበት እንደ ኖሩት፣ ከባንኮኒው አጠገብ ያለውን የመጸዳጃ ቤት በር ከፍቶ ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው በካርታው መሠረት የሚደርሰው በጎረቤቱ ቤት በቁጥር አንድ፣ በኬን ባርሎ ሳሎን ውስጥ ነው።