መልስ፦ ሲሞን ደ ሞንፎር አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት?

ሁለት ናቸው፤ አባትና ልጅ። «የመስቀል ጦርነት የመራው ሲሞን እንዴት ተመልሶ በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ አመፀ?» ያልከው ግራ ያጋባህ ስማቸው ስለተመሳሰለ ነው። አባትየው የሞተው በ1218 ነው፤ የልጅየው አመፅ በ1260ዎቹ (ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር)።

አባትየው በደቡብ ፈረንሳይ ካታሮችን (የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መናፍቃን ያለቻቸውን ክርስቲያኖች) በመስቀል ጦርነት የወጋው ነው። የሚገርም ሰው ነው፦ በአራተኛው የመስቀል ጦርነት ጓዶቹ የክርስቲያኖቹን ከተማ ዛራን ሊወጉ ሲነሱ እምቢ ብሎ ተለያቸው። በ1210 ብራም ላይ ግን ከመቶ የሚበልጡ ምርኮኞችን ዓይን አስወጣ፤ ሌሎቹን እየመራ እንዲወስድ ለአንዱ ብቻ አንድ ዓይን ተወለት። ቱሉዝን ከቦ ሳለ ከከተማው የተወረወረ ድንጋይ ራሱን መትቶ ገደለው።

ልጅየው የንጉሥ ሄንሪ 3ኛን እህት ያገባው ነው። በ1264 ሉዊስ በምትባል ቦታ አማቹን ንጉሡን ማረከ፤ በጥር 1265 የከተሞች ተወካዮች ጭምር የተቀመጡበትን ፓርላማ ጠራ፤ በነሐሴ ኢቭሻም ላይ ተገደለ፣ ሬሳውንም ቆራረጡት።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ እኔም ተሸውጄበታለሁ። «ዘማቹ አባትየው፣ ኧርሉ (የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ነው) ልጅየው» ብለህ አትለይ። ልጅየውም በ1240 ወደ ቅድስት አገር ዘምቷል፤ «የሌስተር ኧርል» የሚለው ማዕረግም ለሁለቱም ይጻፋል። መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን እይ።