ዳዶ ላይ ያለው ቢጫ ቀስት ጌጥ አይደለም

ወንድሜ፣ «ከአዳማ ወደ አዋሽ ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፌ ስሄድ ግራ የገባኝ ነገር አለ፤ የጎማ ዳዶ ላይ የተሰካው ቢጫ ቀስት፣ መሬት የማይነካው ጎማ፣ ከቦቴ ሥር የሚጎተተው ሰንሰለት፣ ይሄ ሁሉ ለጌጥ ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። ከሥር የመለሱልህ ግማሾቹ ቀልደውብሃል። እኔ ጅቡቲ መስመር ላይ መጀመሪያ በረዳትነት፣ ከዚያ በሹፌርነት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርህ። ዳዶ የምንለው ጎማውን ከመኪናው ጋር ጠፍሮ የሚይዘውን የብሎን ነት ነው።

ጌጥ የሆነም አለ፣ አልዋሽህም። የካቢናው መጋረጃ ከነዘርፉ፣ የፕላስቲክ አበባው፣ ያ ሁሉ ጌጥ ነው። አሜሪካ ያሉ ልጆች ፎቶውን የሚልኩልን፣ ዳዶ ላይ እንደ ጦር የሾለው የሚያብረቀርቅ ቆብም ጌጥ ነው። ቢጫው ቀስት ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀስቱ የሚሰካው ዳዶው በደንብ ከጠበቀ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ እንዲተያዩ አድርገህ ትሰካቸዋለህ። ዳዶ ሲላላ ይዞራል፣ ቀስቱም አብሮት ይዞራል፣ ሲተያዩ የነበሩት ሁለቱ እንደተጣላ ሰው ፊታቸውን ያዞራሉ። መፍቻ ማውጣት አያስፈልግህም፣ መኪናውን አንዴ ዞር ብለህ ማየት ነው። ደግሞ ሙቀት ሲበዛ የሚቀልጥ ዓይነት አለ፤ ፍሬን ይዞ ሲቀር ወይም ጎማው እንዲሽከረከር የሚያደርገው ኩሽኔታ ሊበላሽ ሲል ቸርኬው (ጎማው የተገጠመበት ብረት) ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይጣመምና ይነግርሃል። ሰው የሚሳሳተው ቀስቱ ዳዶውን የሚይዝ እየመሰለው ነው። አይይዝም። ያሳብቃል እንጂ አያጠብቅም።

ይሄን በደንብ የተማርኩት በረዳትነቴ ጊዜ ነው። ጭነን ስንመለስ ሚሌ አካባቢ የኋላ ጎማ ፈነዳብንና ጎሚስታ ቀየረልን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጎሚስታውም ቸኩሏል፣ እኛም ቸኩለናል። ጎማ ከተፈታ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሄደህ ቆመህ ዳዶውን እንደገና ማጥበቅ አለብህ፤ ቸርኬው መሀል የገባው አቧራ፣ ዝገትና ቀለም በጭነቱ ሲጨፈለቅ ዳዶው ክፍተት አግኝቶ ይላላል። እኛ አላደረግነውም። መንገድ ላይ ለሻይ ስንቆም እንኳ አላየነውም። ይባስ ብሎ እኔ ሻዬን የጠጣሁት እዚያው ጎማ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ነው! ገዋኔ ልንደርስ ስንል ሹፌሩ «ኋላ የሆነ ነገር ይንቀጠቀጣል፣ ውረድ እስቲ» አለኝ። ወረድኩ። ከዳዶዎቹ ሥር ዝገት ቡናማ መስመር እየሠራ ወርዷል። ከ10ሩ አንዱ የለም፣ ሦስቱን በጣቴ ፈታኋቸው። በጣቴ! የቸርኬው ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል መስሏል። ሌላ 20 ኪሎ ሜትር ብንሄድ ጎማው ቀድሞን ይሄድ ነበር፤ ጎማ ወልቆ ሲሮጥ ፊቱ ያለው ሰው ይሁን ከብት አይለይም። ያ መኪና ቀስት ቢኖረው ኖሮ ሻይ ስጠጣ አፍንጫዬ ሥር አየው ነበር።

መሬት የማይነካው ጎማ ቀላል ነው። አንተ ያየኸው ወደ አዋሽ ሲሄድ ነው አይደል? ወደ ጅቡቲ ብዙው መኪና ባዶውን ነው የሚወርደው። ባዶ ሲሆን ሹፌሩ አንዱን አክስል (ጎማዎቹ ግራና ቀኝ የተገጠሙበትን አግዳሚ ብረት) በአየር ያነሳዋል፣ ጎማም ነዳጅም ይቆጥባል። ሲጫን መውረድ አለበት። ጭኖ እየሄደ አንስቶት ካየህ ሌሎቹን አክስሎች እየገደላቸው ነው፣ አስፋልቱንም።

የቦቴው ሰንሰለት ነገር ትንሽ ያከራክራል። ሹራብ ስታወልቅ ጠጠጥ የሚለው ነገር አለ አይደል፣ ነዳጅም በቧንቧ ሲፈስና ታንክ ውስጥ ሲናጥ እንደዚያ ያለ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ሰንሰለቱ እሱን ወደ መሬት እንዲያወርድ ነው የታሰበው። ግን ደረቅ አስፋልት ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፤ ዋናው ጥበቃ ሲሞላና ሲራገፍ መጀመሪያ የሚታሰረው የመሬት ሽቦ ነው። ሰንሰለት አለኝ ብሎ ሽቦውን የሚዘል ሹፌር አጋጥሞኛል፣ ከአጠገቡ ነው የሸሸሁት። ባዶ ነው ብለህም አትዘናጋ። ቤንዚን ጭኖ የነበረ ባዶ ቦቴ ውስጥ ትነት ይቀራል፣ ያ ትነት ከአየር ጋር ሲቀላቀል ብልጭታ ይበቃዋል።

ያልጠየቅከኝን ሁለት ነገር ልጨምርልህ። ከካቢናው ጎን በጆንያ ተጠቅልሎ የተንጠለጠለ ጀሪካን ካየህ ፍሪጃችን ነው። ጆንያውን ታረጥበዋለህ፣ ንፋሱ ሲያደርቀው ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ረዳት በቆመ ቁጥር እያረጠበ ነው። አፋር በረሃ ላይ ሙቀቱ ደረቅ ስለሆነ ግሩም ይሠራል። ጅቡቲ ከተማ ስትገባ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፣ ጆንያው አይደርቅም፣ ለብ ያለ ውሃ ትጠጣለህ።

ሌላው ዱላው ነው። ብዙ ሰው ለሌባ ይመስለዋል (ለእሱም አይጠላም)። ዋና ሥራው ጎማ መምታት ነው። ከኋላ ጎማው ጥንድ ነው፤ የውስጠኛው ቢተነፍስ የውጭኛው ተሸክሞት ስለሚሄድ በዓይን አይታይህም፣ እየተፋጨ ግሎ እሳት እስኪነሳ ድረስ ማለቴ ነው። በዱላ ስትመታው ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማና ዱላውን መልሶ ይወረውርብሃል። የተነፈሰው ዱፍ ብሎ ይውጠዋል። እኔ ማታ ማታ በድምፁ ብቻ 22ቱንም ጎማ እቆጥር ነበር።

ሌላ ጊዜ የቤት መኪና እየነዳህ ከባድ መኪና ስትቀድም ወይም ሚዛን ጋ ቆሞ ስታገኘው ቀስቶቹን አየት አድርጋቸው። ፊት ያዞሩ ካሉ ወይም ከዳዶ ሥር ያ ቡናማ መስመር ካለ ክላክስ አድርግና በእጅህ ወደ ጎማው አሳየው። ይገባዋል፣ ዳር ይይዛል።