ብረት ከነካው ይሰራጫል ወይ?

እህቴ፣ እናትሽ ጡታቸው ላይ እብጠት አግኝተው፣ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያሉ ጎረቤቶች «ብረት ከነካው ይሰራጫል» ስላሏቸው ሐኪም ቤት መሄድ ፈርተዋል ብለሻል።

ካንሰር የሐኪም ቢላ ስለነካው አይሰራጭም። ወሬው ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። እኛ አገር ብዙ ሰው ሐኪም ጋ የሚደርሰው በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው። ቀዶ ጥገና ይደረግለትና ትንሽ ቆይቶ ያርፋል። ጥፋቱ የቢላው ይሆናል።

«አያመኝም» ማለታቸው አያዘናጋችሁ። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ጠንካራ እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም ያለው ፈሳሽ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሆነ ቆዳ ወይም ብብት ስር ያበጠ ነገር ካለ ቀን አትቁጠሩ። ደግሞም አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም። ከአሁኑ ለቅሶ አትቀመጡ።

እዚያው ድሬዳዋ፣ ድል ጮራ ሆስፒታል ጀምሩ። ሐኪሙ ዳስሶ አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራም (የጡት ራጅ) ያዛል። ቁርጡ የሚታወቀው ግን በመርፌ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ሐረር፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሪፈር ከተጻፈላችሁም ሩቅ አይደለም፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ካንሰር ቢሆን እንኳ እንደ ደረጃው ቀዶ ጥገና፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት)፣ ጨረር አለ። ዕጢው ከሆርሞን ጋር የተያያዘ ከሆነ እንደ ታሞክሲፈን ያለ ክኒን ለዓመታት ይወሰዳል።

«ምን አድርጌ ነው?» ካሉሽ፣ ምች አይደለም፣ ቡዳም አይደለም። ዕድሜ፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ ውፍረትና አልኮል አጋላጭ ናቸው። ምንም ሳይኖርም ይመጣል።

ስትሄዱ አብረሻቸው ግቢ። የውጤት ወረቀቱንም በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ወረቀት ይጠፋል።