የማን ልጅ ነህ?

ልጆቼ፣ «እኔ ማን ነኝ? ለምንስ ተፈጠርኩ?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲበላሽ ወይም ተመርቆ ቤት ሲዋል ነው። ያን ጊዜ መልሱን ከመሥሪያ ቤት ደጅ መፈለግ ይቀናናል። እኔ ግን ከክርስትና ስማችሁ ጀምሩ እላችኋለሁ።

ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ስም ይወጣል፤ አንገት ላይ ማዕተብ ይታሰራል። ራሱን እንኳ ቀና ማድረግ ያልቻለ ሕፃን ምን ሠርቶ ነው ስም የሚሰጠው? ደግሞ ስሙን ልብ በሉት። በግእዝ «ገብር» አገልጋይ ማለት ነው። «ገብረ» ሲሆን ግን የመጨረሻዋ ፊደል ከሳድስ ወደ ግዕዝ፣ ማለትም ከ«ር» ወደ «ረ»፣ ትዞርና ቃሉ ብቻውን መቆም ያቅተዋል፤ «የማን?» ያሰኛል። ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም ሁሉም እንዲሁ ናቸው። የአገራችን ሽማግሌ መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ «የማን ልጅ ነህ?» እንደሚለው ማለት ነው። ስማችሁን ካላወቃችሁት ዛሬውኑ እናታችሁን ወይም የክርስትና አባታችሁን ጠይቁ።

ቀጥሎ ጸሎት ነው፤ ብዙዎች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ በየቀኑ አንድ ንጉሥ ዳዊት፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ እደግማለሁ ብለው ይነሡና 55ቱ ቀን ሳያልቅ ይታክታሉ። ከዚያ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ይላሉ። ጥፋቱ መጠኑን ራሳቸው ለራሳቸው ማዘዛቸው ላይ ነው። ልኩን የንስሐ አባት ይስጣችሁ። ለጀማሪ የዕለቱ ውዳሴ ማርያምና አንድ መዝሙር አያንስም፤ በቀን አንድ ከሆነ 150ው መዝሙር በ5 ወር ያልቃል።

የሕይወት ዓላማን በተመለከተ፣ ሕልምና ምልክት እየጠበቃችሁ በእጃችሁ ያለውን ሥራ አትተዉ። ሉቃስ ምዕራፍ 3ን አንብቡ። ቀራጮች፣ ማለትም ግብር ሰብሳቢዎች፣ እና ጭፍሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው «ምን እናድርግ?» አሉት። ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። ቀራጩን ከታዘዘልህ በላይ አትቀበል፣ ወታደሩን አትግፋ፣ በሐሰት አትክሰስ፣ ደመወዝህ ይብቃህ አለ። መልሱ በየሙያቸው ነበር፤ የእናንተም እንደዚያው ነው። ንብረት ክፍል የተቀጠረች ልጅ 18 ኩንታል ሲሚንቶ ቆጥራ ተረክባ «20 ብለሽ ሞዴል 19 ቁረጪ» (የንብረት ገቢ ደረሰኙን ማለት ነው) ስትባል፣ ለምን እንደተፈጠረች የምትጠየቀው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። አለቃ ቆሞ እየጠበቀ ማሰብ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ መልሱን ቀድማችሁ፣ ጠዋት ከጸሎት በኋላ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፋችሁ ያዙ፤ «የቆጠርኩትን ብቻ እፈርማለሁ» ይበቃል። ግፊቱ ከበረታ ለንስሐ አባታችሁ ደውሉ፤ ከፈረማችሁ በኋላ ሳይሆን ከመፈረማችሁ በፊት።