ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ነጩ ሩዝ፣ ስባሪው ሩዝ እና የእናቴ እግር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤትና ለየቤቱ አከፋፍላለሁ። ጤፍ ሲወደድብኝ ከሦስት እጅ አንዱን የሩዝ ዱቄት አደርገዋለሁ። ወንድሜ ወረታ ስለሚኖር ሩዙን ከፎገራ ይልክልኛል፤ አንዴ ነጩን፣ አንዴ በደንብ ያልተፈተገውን፣ አንዴም ስባሪውን። እናቴ ከእኔ ጋር ናቸው። 67 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር ከያዛቸው 9 ዓመት ሆኗቸዋል፣ ሜትፎርሚን ይወስዳሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እግራቸውን ይደነዝዛቸዋል። ጎረቤታችን «ነጭ ሩዝ ቫይታሚን የለውም፣ ነርቭ ይጎዳል» ብላ አስፈራችን። እውነት ነው? የትኛውን ሩዝ ልጠቀም? ስባሪው ዋጋው ርካሽ ነው፤ ጥቅሙስ ያንሳል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከእናትዎ እግር ልጀምር፤ ሩዙ ይደርሳል።

ጎረቤትዎ የተናገረችው ከሜዳ የተነሣ ወሬ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክርስቲያን አይክማን የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም በጃቫ ደሴት ሲሠራ፣ ከሆስፒታል ወጥ ቤት የተረፈ ነጭ ሩዝ የሚበሉ ዶሮዎች እግራቸው እየከዳቸው ሲወድቁ አየ። ያልተፈተገ ሩዝ ሲሰጣቸው ዳኑ። በእስያ ብዙ ሰው ይገድል የነበረው ቤሪቤሪ የሚባለው በሽታ ምክንያቱ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ከሩዙ ላይ ተፈትጎ የሚጣለው ቫይታሚን ቢ1 ነበር። አይክማን በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ነገር ግን ያ በሽታ የሚይዘው ጠዋትም ማታም ከነጭ ሩዝ በቀር ሌላ የማይቀምሰውን ሰው ነው። የእናትዎ ማዕድ ላይ ጤፍ፣ ሽሮና ምስር ካለ ቢ1 ከዚያ ያገኛሉ። ለእሳቸው ድንዛዜ እኔ የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስኳሩ ራሱ ነው፤ ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእግርን ነርቭ ይጎዳል። ሁለተኛው የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ቢ12ን በደንብ እንዳይቀበል ያደርጋል፤ ይህ ቫይታሚን ደግሞ በተፈጥሮው ያለው በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በዓሣና በወተት ነው። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾሙ እናት የዓመቱን ግማሽ ያህል እነዚህን አይቀምሱም። ሁለቱ ሲደራረቡ እጥረቱ ይመጣል። ስለዚህ ሐኪማቸው ጋ ይውሰዷቸው፤ የስኳራቸውን መጠንና ቢ12ን ያስመርምሩላቸው፣ እግራቸውም ይፈተሽ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡት።

እስከዚያው አንድ ነገር አደራ እልዎታለሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ አውቀዋለሁ፤ ማታ ከሰል ተያይዞ እግር ይሞቃል። የደነዘዘ እግር ቃጠሎ አይሰማውም። እናትዎን ከምድጃው ራቅ አድርገው ያስቀምጧቸው፣ በወፍራም ካልሲ ያሙቋቸው፣ የሚታጠቡበትን ውኃ እርስዎ በክንድዎ ይለኩላቸው፣ ሁልጊዜ ማታ ውስጥ እግራቸውን ይመልከቱላቸው። ትንሽ ቁስል ካዩ በማግስቱ ጤና ተቋም ይሂዱ።

አሁን ወደ ሩዙ። ወንድምዎ 100 ኪሎ ከነገለባው ያለ ሩዝ ወፍጮ ቤት ቢወስድ 20 ኪሎ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይወጣል። ገለባው ብቻ ተነሥቶለት ቢቀር ቡናማ መልክ ያለው ሩዝ ነው፤ ከላዩ ቀጭን ፍሩሽካ አለው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ቡቃያው የሚወጣበት ነጥብ። ነጭ ይሁን ተብሎ ሲፈተግ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ፍሩሽካ ይነሣና ለከብት መኖ ይሸጣል። ከዚያ ጋር አብዛኛው ቢ1፣ አብዛኛው አሰር (ፋይበር)፣ ብረቱና ቅባቱ ይሄዳል፤ በነጩ ላይ የሚቀረው ቢ1 ካልተፈተገው አንድ አምስተኛ ገደማ ቢሆን ነው። እንግዲህ ላሟ የተሻለውን በላች፣ እኛ ደግሞ ለቀረው የበለጠ ከፈልን። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ነጩ የሚወደድበት ምክንያት ግን አለው። ቶሎ ይበስላል፣ ለብዙ ጊዜ ይቀመጣል። ያልተፈተገው ቅባት ስላለው ሲቆይ ይበላሽና ይሸታል፤ ከፈለጉት በትንሽ በትንሹ ያስመጡ፣ ዱቄቱንም ለሳምንት የሚበቃ ያህል ብቻ ያስፈጩ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ላይ ደግሞ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ አልበስል ይላል፤ ማታ ነክሮ ማሳደር ከሰል ያድናል።

ስባሪው? ስባሪው ያው ሩዝ ነው! የሚሰበረው ቀን በጠራራ ፀሐይ ደርቆ ሌሊት ጤዛ ሲጠጣ ውስጡ እየተሰነጠቀ፣ ወይም ወፍጮው ሲጎዳው ነው። ዋጋው የወደቀው ሳህን ላይ ስለማያምር ብቻ ነው። ለእንጀራ የሚፈጭ ከሆነ ሙሉውን በውድ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ጠጠሩና ሻጋታው ተለይቶ ንጹሕ ይሁን እንጂ ስባሪውን ያለ ሥጋት ያስፈጩ። በተረፈው ገንዘብ ከሸዋ ሮቢት የሚመጣውን ማሾ ይግዙበት። ሩዝ የሚያንሰውን ፕሮቲን ማሾው ያሟላዋል።

ለወንድምዎም አንድ ሐሳብ አለኝ። ሩዙን ከነገለባው ነክሮ፣ በእንፋሎት አብስሎ፣ ቀስ ብሎ ጥላ ላይ አድርቆ ቢያስፈትገው፣ ቫይታሚኑ ከፍሩሽካው ወደ ፍሬው ውስጥ ይገባል። የተሰነጠቀው ስለሚጣበቅ ወፍጮው ላይ ብዙ አይሰበርም፣ ሙሉ ሆኖ ስለሚወጣ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ሲበላም ስኳርን ከተራው ነጭ ሩዝ ቀስ ብሎ ነው የሚያወጣው። ማገዶና ውኃ ስለሚጠይቅ ግን መጀመሪያ በጥቂቱ ይሞክረውና ወጪውን ያስላ።

ለእናትዎ ስኳር የትኛውም ሩዝ ቢሆን መጠኑ ይወስናል። ሩዝ በሚበሉበት ቀን እንጀራውን አይደርቡላቸው፤ ሩዙ የሳህኑን ሩብ፣ ማሾው ወይም ምስሩ ሩብ፣ ጎመኑ ግማሽ ይሁን። የሩዝ ገንፎ በስኳር ከሆነ ይቅርባቸው። የጤፍ እንጀራም ስኳር አያወጣም ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከሩዝ የሚሻለው በአሰሩ፣ በካልሲየሙና በብረቱ ነው።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። 100 ግራም ጤፍ ወደ 180 ሚሊግራም ካልሲየም አለው፣ ነጭ ሩዝ 30 እንኳ አይሞላም። ብረቱም እንደዚያው ይራራቃል። ከእንጀራዎ ሲሦው ሩዝ ከሆነ እርጉዟም፣ የስኳር ሕመምተኛውም ጤፍ ብቻ የበሉ እየመሰላቸው ነው። ሩዝ መቀላቀሉ ነውር የለበትም፣ ኑሮው ያስገድዳል። ለደንበኛዎ ግን ይንገሩት። ከቻሉም ሁለት ዓይነት ይጋግሩ፤ የተቀላቀለውን በረከሰ ዋጋ፣ ንጹሑን ጤፍ በዋጋው፣ ለየብቻ ማሰሮ አቡክተው። ለእናትዎ ከንጹሑ ያውጡላቸው።