ኬሞ የሚወስዱ እናቴ ይጹሙ ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። እናቴ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው አሁን ኬሞ ላይ ናቸው። ቁስላቸው አልሽር ብሏል። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት አዘውትሩ ቢላቸውም “በጾመ ነቢያት አልገድፍም” ብለው እምቢ አሉ። ዘመድ ከውጭ የላከላቸውን ቫይታሚን ግን “ይሄ መድኃኒት ነው” እያሉ ይውጣሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። እዚህ ደሴም አልጋ ላይ ሆነው “ሳልጾም ብሞትስ?” የሚሉ እናቶች አሉ። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ሸክም አልጫነችባቸውም። ፍትሐ ነገሥት ጾምን ሲደነግግ ሕመምተኛን ነፃ ያደርጋል። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሕመሙ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)።

ኬሞ ካንሰሩን ሲመታ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ጤነኛ ሴሎችንም ይጎዳል። ቁስል የሚሽረው ደግሞ አዲስ ሴል ሲተካ ነው። ለዚህ ከሁሉ በፊት ፕሮቲን ያስፈልጋል። ቫይታሚን ሲና ዚንክም ድርሻ አላቸው፤ ያለ ቫይታሚን ሲ ሰውነት ቁስሉን የሚያያይዘውን ኮላጅን በደንብ መሥራት አይችልም። ብርቱካን ልጠሽ ስጫቸው። እንቁላሉ አስኳሉ እስኪጠነክር ይቀቀል፣ ወተቱም ይፍላ።

ቫይታሚኑ መድኃኒት ነው ያሉት ልክ ነው፣ ጾም አያስገድፍም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቫይታሚን ሲና ኢ በብዛት ሲወሰዱ የአንዳንዱን ኬሞ ሥራ እንዳያዳክሙ ሐኪሞች ይሰጋሉ። ደግሞም ክኒን የምግብን ቦታ አይተካም። ስለዚህ ብልቃጡን እንዳለ ይዘሽ ሂጂና ኬሞውን ለሚያዝዘው ሐኪም አሳዪው። እሱ እስኪፈቅድ ይቆዩ።

ባትጠይቂኝም አንድ ነገር ልጨምር። ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን እምነት (የተባረከውን አመድ ወይም አፈር) ግንባራቸውን ይቀቡት እንጂ ክፍት ቁስል ላይ አታድርጉት፤ ጠበልም አይፍሰስበት። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ ቁስሉ በቀላሉ ያመረቅዛል። ይህን ስል የጠበሉን ኃይል መካዴ አይደለም። ሕዝቅያስ ጸሎቱ ከተሰማለት በኋላ እንኳ ነቢዩ ኢሳይያስ ቁስሉን በበለስ ጥፍጥፍ እንዲያክሙት አዝዟል (ኢሳ. 38፥21)። ትኩሳታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት አድርሻቸው።

የንስሐ አባታቸውን ቤት ድረስ ጥሪያቸው። አንቺ ስትነግሪያቸው ላይዋጥላቸው ይችላል፤ ከአባ አፍ ሲሰሙት ግን ይረጋጋሉ። አባም በጾሙ ፈንታ እንደ አቅማቸው የሚጸልዩትን ይሰጧቸዋል።