«ዕቃ አጣቢ ሆኜ ቀረሁ»

ጤና ይስጥልኝ፣ አዘጋጅ። ሜሪላንድ ውስጥ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ከሴፕቴምበር ጀምሮ በሳምንት 8 ሰዓት አንድ ላብ (ቤተ ሙከራ) ውስጥ እሠራለሁ፤ ሥራዬ ግን ዕቃ ማጠብና የፒፔት ቲፕ (የፈሳሽ መለኪያ ጫፍ) በሣጥን መደርደር ነው። ፕሮፌሰሩን ያነጋገርኳቸው ሁለቴ ብቻ ነው። ፒኤችዲ መማር እመኛለሁ፤ ግን በላብ ስብሰባ ላይ ከሚወራው ግማሹ አይገባኝም። ቤተሰቤ ደግሞ «መጀመሪያ ማስተርስ ያዢ፤ ለፒኤችዲ ማን ይከፍልልሻል?» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እህቴ፣ የቤተሰብሽ ጥያቄ ቶሎ ያልቃል። አሜሪካ ውስጥ በባዮሎጂ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ፒኤችዲ መግባት የተለመደ ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የትምህርቱን ክፍያ ሸፍነው የኑሮ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ከኪስ የሚከፈለው ለማስተርሱ ነው።

ዕቃ ማጠብ ነውር የለውም። ክፋቱ ከአንድ ሴሚስተር በኋላም እዚያው መቅረት ነው፤ ድፍረት የሚመጣው የራስሽ የምትዪው ሙከራ ሲኖርሽ ነውና። ፕሮፌሰሩን አትጠብቂ። ላቡ ውስጥ ጊዜ ያለው የፒኤችዲ ተማሪ ፈልጊና ከሥራው በ10 ሳምንት የሚያልቅ ቁራጭ እንዲሰጥሽ ጠይቂው። በየሳምንቱ 20 ደቂቃ ተቀጣጠሩ፤ አንድ ገጽ ይዘሽ ሂጂ፦ የሠራሽው፣ የከሸፈው፣ የምትጠረጥሪው ምክንያት። ዋናው የከሸፈው ነው። ለምሳሌ ፒሲአር (ዲኤንኤ የማባዛት ሥራ) እምቢ ቢልሽ መጀመሪያ ፖዘቲቭ ኮንትሮሉን፣ ማለትም እንደሚሠራ አስቀድሞ የታወቀውን ናሙና፣ እዪ። እሱም ካልሠራ ጥርጣሬው በኬሚካሉ፣ በፕራይመሩ (ማባዛቱን በሚያስጀምረው አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ወይም በማሽኑ ላይ ነው፤ እሱ ሠርቶ ያንቺ ብቻ ከቀረ ናሙናሽን መርምሪ። ይህን ሁለት ሦስቴ ራስሽ ከፈታሽ የስብሰባው ወሬ ባዕድ አይሆንብሽም። (ለስብሰባ የሚመረጠውን የምርምር ጽሑፍ በዋዜማው አንብቢ፤ ከሥዕሎቹ ጀምሪ።) እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ቁራጭ ሥራ የሚሰጥሽ ከጠፋ ላብ ቀይሪ፤ የፕሮፌሰሩ ስም ትልቅነት አያስቀርሽ።

ለበጋ (ለሰመር) በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚካሄደውን አርኢዩ የሚባል የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የምርምር ፕሮግራም ተመልከቺ፤ ብዙዎቹ 10 ሳምንት ገደማ የሚፈጁ ናቸው፣ ኪስ ገንዘብም አላቸው። ማመልከቻቸው በአብዛኛው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ይዘጋል። ትምህርት ቤትሽ ማክኔር የሚባለው፣ ተማሪዎችን ለፒኤችዲ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ካለውም ጠይቂ። ሁለቱም ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይፈልጋሉ፤ ከሌለሽ የዩኒቨርሲቲሽን የራሱን የምርምር ገንዘብ ሞክሪ።

ለፒኤችዲ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል፣ የብዙዎቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻም ዲሴምበር ላይ ይዘጋል። ስምሽን እንጂ ሥራሽን የማያውቅ ፕሮፌሰር የሚጽፈው ሦስት መስመር አይሞላም። ስለዚህ ከዚያ በፊት በላብ ስብሰባ ላይ 10 ደቂቃ ውጤትሽን አቅርቢ። ደብዳቤውን ቢያንስ 6 ሳምንት ቀድመሽ ጠይቂ፤ አብሮሽ የሚሠራው ተማሪም ያየውን ለፕሮፌሰሩ በጽሑፍ ይስጥልሽ።